«ቤት ለእንቦሳ» የማይባልለት ትውልድ

ሥራ ይዞ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ገና ከእናቱ ቤት ያልወጣ ልጅ በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ አለ። ሰርግ ላይም፣ ለቅሶ ላይም፣ ክርስትና ላይም ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የሚጠየቀው አንድ ነው፦ «ጎጆ የምትወጣው መቼ ነው?» ለሴቷ ጥያቄው ትንሽ ለስለስ ብሎ ይመጣል፤ ሲያርፍ ግን ይብሳል። ሳታገባ ብቻዋን ቤት ተከራይታ ከወጣች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቃታል፦ «ቤቷ ምን ጎደለባትና ነው?»

ጠያቂዎቹ ክፉዎች አይደሉም። በእነሱ ዕድሜ የነበረውን እያሰቡ ነው። አጎትየው በሃያ አራት ዓመቱ መምህር ሆኖ ተቀጠረ፣ በሃያ ስድስት ዓመቱ የቀበሌ ቤት ተመራ፣ በሃያ ሰባት ዓመቱ አገባ። የወንድሙ ልጅ ዲግሪ አለው፣ መሥሪያ ቤት ገብቷል፣ የያዘው ስልክ ከአጎትየው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ታዲያ ምን ነካው? ወሬው ሲጠቀለል ወይ ስንፍና ነው፣ ወይ ቅንጦት ነው፣ ወይ «የዘመኑ ልጅ» የምትለዋ ሁሉን ነገር የምትዘጋ ቃል ትመጣለች።

ሒሳቡን ግን ቁጭ ብሎ የሠራው ጥቂት ነው። ሒሳቡ ደግሞ ረጅም አይደለም።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመንግሥት መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ቀድሞ 6,940 ብር ነበርና ጭማሪው ትንሽ ነው አይባልም። ግብሩና የጡረታ መዋጮው ሲቀነስ ግን እጅ ላይ የሚደርሰው ከ9 ሺህ ብር በታች ነው። ይህ ልጅ ከከተማው ዳር፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ በ10 ሺህ ብር አገኘ ይባል። አከራዩ ሕግ አክብሮ የሁለት ወር ብቻ ቅድሚያ ቢጠይቀው 20 ሺህ ብር ነው። የደላላ ኮሚሽን በላዩ አለ። ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጋረጃ፣ የመብራት ካርድ። ገና ሽሮ አልተገዛም፤ ገና ታክሲ አልተሳፈረም። ደመወዙ ግን ኪራዩን እንኳን አልሞላም። አማርጦ አልወጣም የሚባለው ልጅ ለመምረጥ የቀረበለት ነገር የለም።

እዚህ ላይ የአጎትየው ታሪክ በደንብ መታየት አለበት፤ ምክንያቱም ወቀሳው ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች። የኪራዩም መጠን በአዋጁ ተቀነሰ፤ ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይነካ ኖረ። ስለ አዋጁ ፍትሐዊነት ዛሬም ድረስ የሚከራከር ሞልቷል፤ ቤቱን ያጣ ቤተሰብ ቁስሉን አልረሳም። ቤቶቹም ቢሆኑ የሚያድሳቸው ጠፍቶ ጭቃቸው እየረገፈ፣ መጸዳጃው ለአሥር አባወራ አንድ ሆኖ ነው የኖሩት። ያም ሆኖ አንድ ነገር እውነት ነው፦ የዛሬው አጎት ጎጆ የወጣው ከዛሬው ወጣት ይልቅ ብርቱ ስለነበር አይደለም። ኪራዩ ከደመወዙ ላይ ቁንጥር ስለነበረ ነው። ያ ቁንጥር ነው ሰርጉን የደገሰው፣ ልጅ ያስተማረው፣ አንዳንዴም በማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ያስመራው።

የዛሬው ትውልድ በምሪት ፋንታ ዕጣ ነው የተነገረው። በ1997 የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 እንደገና ምዝገባ ሲከፈት፣ 10 በ90፣ 20 በ80፣ 40 በ60 ተብሎ በየአቅሙ ሲመደብ፣ ተመዝጋቢው ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ። ንግድ ባንክ ደጃፍ ላይ የነበረውን ሰልፍ የማያስታውስ የለም። ሰዉ ከእቁቡ፣ ከጡረታው፣ ከዓረብ አገር ከሚላክለት ብር እየቆነጠረ ቆጠበ። በሐምሌ 2014 የ14ኛው ዙር ዕጣ ወጥቶ፣ በቀናት ውስጥ በሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኘ ተብሎ ተሰረዘ። የስልክ መልእክት ደርሷቸው እልል ያሉ ቤተሰቦች እልልታቸውን መልሰው ዋጡ። ዕጣው እንደገና የወጣው በኅዳር 2015 ነው፤ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች።

ይህ ታሪክ ሲነገር የሚዘለል ነገር አለ። ለመመዝገብ ዕድሜ 18 መሙላት ነበረበት። በ2005 አሥራ ስምንት የሞላው ልጅ ዛሬ 31 ዓመቱ ነው። ዛሬ 25 ዓመት የሆናት ልጅ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ጠቅላላ ምዝገባ አልተከፈተም። ስለዚህ «ኮንዶሚኒየም ይደርሰዋል» እየተባለ የሚጽናናው ወጣት፣ አብዛኛው፣ ወረፋው ውስጥ እንኳን የለም። ሰልፉ ላይ ያሉት ታላላቆቹና ወላጆቹ ናቸው። እነሱም ገና አልጨረሱም።

መግዛትስ? በቴሌቪዥንም በቲክቶክም የሪል ስቴት ማስታወቂያ ያልሰማ ጆሮ የለም፤ «20 በመቶ ከፍለው ይግቡ» ይላል። የሚያናግረው ግን እሱን አይደለም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው የግንባታ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተለወጠ። በሰኔ 2017 ደግሞ የውጭ ዜጎች ከ150 ሺህ ዶላር ባላነሰ ገንዘብ ቤት እንዲይዙ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። የገበያው ዓይን ወዴት እንደሚያይ ለማወቅ ይህ ይበቃል። ለደመወዝተኛ የረጅም ጊዜ የቤት ብድር የሚሰጥ ተቋምም ቢሆን እንደ ልብ የለም። ድሮ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ የሚባል ነበር፤ ስሙ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፣ በ2008 ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ሥራ ሲጀምር ጥሩ ዜና ነበር፤ ነገር ግን 9 ሺህ ብር ለማይደርስ ደመወዝ የትኛውም ባንክ ቤት የሚያስገዛ ብድር አይሰጥም። ባንኩ ቢጨክን አይደለም፣ ሒሳቡ ነው።

እንግዲህ ምን ቀረ?

በጣም የተለመደው መውጫ ደባልነት ነው። ሦስት ጓደኛሞች ባለ አንድ መኝታ ይይዛሉ፤ ሁለቱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ሳሎን። ኪራዩ ለሦስት፣ የመብራት ካርዱ ለሦስት፣ እንጀራው ለሦስት። ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ዶርም የተሻገረ ጓደኝነት ነውና መጀመሪያ ላይ ሳቅና ጨዋታ አለው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዶርሙ አያልቅም። የሠላሳ ዓመት ሰው ልብሱን በሻንጣ እንዳስቀመጠ ይኖራል። እናቱን ለሕክምና ከጎንደር ያመጣ ልጅ ደባሎቹን «ለሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ እደሩልኝ» ብሎ ይለምናል፤ እነሱም ይሄዱለታል፣ ነገ በእነሱም ይደርሳልና። እናትየው ግን አገሯ ስትመለስ ጎረቤት «የልጅሽ ቤት እንዴት ነው?» ሲላት የምትመልሰው ይቸግራታል።

አንዱ አግብቶ ወይም ክፍለ ሀገር ተመድቦ ሲሄድ የሦስቱን ኪራይ ሁለቱ ይሸከማሉ፤ አራተኛ ሰው ፍለጋ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል። ውሉ ላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአንዱ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ ወይም ከተጣላ፣ የቀሩት ሦስት ዓመት ኪራይ እንደከፈሉ ቢቆጠርም በወረቀት ፊት እንግዳ ናቸው። ከተማው በደባል እየኖረ፣ ደባል የሚባል ሰው በሕጉ ውስጥ ቦታው በግልጽ አይታይም።

ሁለተኛው መውጫ አለመውጣት ነው። በዚህ ጉዳይ በወጣቱ መካከል ስለተፈጠረው ልዩነት ብዙ አይወራም። አንድ ቢሮ ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡ፣ እኩል ደመወዝ የሚበሉ ሁለት ልጆች አሉ። አንደኛዋ ወላጆቿ ገርጂ ግቢ አላቸው። ሁለተኛዋ ከሶዶ ነው የመጣችው፤ ወይም ከነቀምት፣ ወይም ከደብረ ማርቆስ። የመጀመሪያዋ የወር 4 ሺህ ብር እቁብ ትጥላለች፤ ሁለተኛዋ ያንኑ 4 ሺህና ከዚያ በላይ ለኪራይ ትጥላለች፣ እሱ ግን አይወጣላትም። ከአምስት ዓመት በኋላ አንዷ መኪና ወይም ማስተርስ አላት፤ ሌላዋ አምስት ጊዜ ቤት ለውጣለች። ልዩነቱን ያመጣው ትጋት አይደለም፤ የአባት ግቢ ነው። በርስት የሚተላለፍ ልዩነት በዚህ አገር እንዳበቃ የሚነገር ብዙ ነገር ነበር።

ግቢ ያለውም ሁሉ አልደላውም ደግሞ። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ አያት፣ ወላጅ፣ ያገባ ልጅና የልጅ ልጅ በመጋረጃ ተለያይተው የሚያድሩበት ቤት በልደታም በቂርቆስም በአራዳም አለ። እዚያ ያለው ወጣት «ወላጆቹ ላይ ተቀምጦ ይበላል» ከተባለ ስድብ ነው፤ የቤቱን የወር አስቤዛ የሚገዛው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። ቢወጣ የሚጎዱት እናቱ ናቸው። ይህ ስሌት በየትኛውም የቤት ፖሊሲ ሰነድ ውስጥ የለም፤ በየቤቱ ግን አለ።

ሦስተኛው ወደ ዳር መሄድ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ። ኪራይ ወደ ዳር በተሄደ ቁጥር ይቀንሳል፤ የቀነሰውን ታክሲው ይበላዋል። ሁለትና ሦስት ታክሲ ቀይሮ ሜክሲኮ የሚደርስ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ሳይነጋ ነው፣ የሚገባው ጨልሞ። ለወንዱ ድካም ነው። ለሴቷ ከድካሙ ሌላ ፍርሃት አለበት፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከዋናው አስፋልት እስከ ብሎኩ ያለው ጨለማ መንገድ ስንት ልጅ የማታ ትምህርት እንድታቋርጥ፣ ትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳትቀበል አድርጓል። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ባቡር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ እስከ ምኒልክ አደባባይ ሲዘረጋ ለዚህ ሕዝብ ትልቅ ተስፋ ነበር። ግዙፎቹ የጋራ መኖሪያ መንደሮች ግን ከሐዲዱ ርቀው ነው የተሠሩት። ቤቱን የሚያቅደውና መንገዱን የሚያቅደው ሰው ተገናኝተው ቡና የጠጡ አይመስልም።

ጨረቃ ቤትን በአጭሩ ማለፍ ይሻላል። ከገበሬ በውል ቦታ ገዝቶ፣ በሌሊት ቆርቆሮ መትቶ ጎጆ የወጣ ወጣት በከተማው ዙሪያ ብዙ ነበር፤ በ2015 ሸገር ከተማ ሲቋቋም በዙሪያው በነበረው ፈረሳ ብዙዎቹ የቆጠቡትን ሁሉ በአንድ ጠዋት አጡ። ያ መንገድ ተዘግቷል ማለት ይቻላል፤ የሚሞክረው ግን አልጠፋም።

አራተኛው መንገድ በቦሌ አየር ማረፊያ በኩል ያልፋል። የስንቱ ኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ ከቤሩት፣ ከጅዳ፣ ከዱባይ የተላከ ነው። በሰው ቤት ምድጃ ሥር ስምንት ዓመት የሠራች ልጅ በወር በወሩ ልካ፣ ቤቱ ተገዝቶ፣ ሴራሚኩ ተነጥፎ፣ ፎቶው በዋትሳፕ ደርሷት፣ ተመልሳ ስትመጣ ካርታው በወንድሟ ስም ሆኖ የምታገኝበት ጊዜ አለ። ቤተሰብ ሽማግሌ ያስቀምጣል። እሷ ግን በገዛ ገንዘቧ በተሠራ ቤት ሳሎን ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት ታድራለች። ለአገሪቱ የውጭ ምንዛሪ የምታስገባው ዜጋ በስሟ ቤት የምታስመዘግብበት ቀላል መንገድ፣ በርቀት የምትፈርምበት፣ ከወንድም ከአጎት ፈቃድ ነፃ የሆነ፣ ከማንም በፊት ለእሷ ነበር የሚገባው።

ከአዲስ አበባ ውጭም ነገሩ ያው ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ሲመረቅ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከገጠር ለሚመጡ ወጣት ሴቶች ሥራ ታሰበ። የት እንደሚያድሩ ግን አልታሰበም ለማለት ያስደፍራል። ልጆቹ ከፓርኩ አቅራቢያ አንዲት ጠባብ ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ በአንድ ፍራሽ ለሁለት እየተኙ፣ ከደመወዛቸው የሚተርፈው ሲጠፋ ብዙዎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ፋብሪካዎቹ «ሠራተኛ አይረጋልንም» ብለው አማረሩ። ማደሪያ የሌለው ሠራተኛ የት ይረጋል?

ስለ ቤት ሲወራ አከራይን መራገም ቀላል ነው። ጨካኝ አከራይ የለም ማለት አይቻልም፤ እንግዳ የሚቆጥር፣ ማታ ሦስት ሰዓት በር የሚዘጋ፣ ልብስ ስታጥብ ውሃውን የሚለካ፣ «ሴተላጤ ብቻ» ወይም «ሴተላጤ አልፈልግም» የሚል። ነገር ግን የከተማው አከራይ ብዙው የፎቅ ባለቤት አይደለም። ግቢዋ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍል ያላት፣ የባሏ ጡረታ ለመድኃኒት የማይበቃት እናት ናት። ኪራዩን ስትጨምር ጤፍና ዘይት ጨምሮባት ነው። ተከራዩ ልጅ «እትዬ፣ ደመወዝ እኮ አልተጨመረም» ይላታል፤ እሷም «አውቃለሁ ልጄ፣ እኔስ ከየት ላምጣ» ትለዋለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ከዚህ የሚገርመው የኮንዶሚኒየም ዕድለኛው ነው። ዕጣ ወጥቶለት፣ ቤቱን ሲረከብ ያልተለሰነ ግድግዳና የባንክ ዕዳ ነው የተረከበው። ማጨረሻ የለውም፤ ቢጨርስም ከሥራው ሃያ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ቤቱን ለሌላ ያከራየዋል፣ በኪራዩ የባንኩን ይከፍላል፣ ራሱ መሀል ከተማ በደባልነት ወይም በወላጆቹ ቤት ይቀራል። ባለቤት ሆኖ ተከራይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት አይደለም። መርሐ ግብሩ ያሰበው ድሀ ቤት እንዲኖረው ነበር፤ የሆነው ግን የከተማውን ትልቁን የኪራይ ገበያ መፍጠር ነው፣ ሳያውቀው፣ ሕግ ሳያዘጋጅለት።

ሕጉ የመጣው ዘግይቶ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በ2016 ጸደቀ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፤ ከሁለት ዓመት አይነስ፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ይሁን፤ ለማስለቀቅ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጥ። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ለተከራይ ይህን ያህል የቀረበ ሕግ አልወጣም። የሚነቅፉት ሰዎች የሚሉትም ከንቱ አይደለም፦ ዋጋ ከተያዘ የሚያከራይ ይቀንሳል፣ የሚገነባም ይሸሻል፣ ያለውም ቤት ሳይታደስ ይቀራል። የቀበሌ ቤቶች ዕጣ ፈንታ ለዚህ በቂ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ አዋጁ እንደ 1967ቱ ኪራይን ለዘላለም አላሰረም፤ በየዓመቱ የሚታይ አድርጎታል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው።

ጉድለቱ ሕጉ የተከራዩን አፍ መጠበቁ ነው። ወረዳ ሄዶ «አከራዬ በውሉ ላይ ከተጻፈው በላይ ተቀበለችኝ» የሚል ተከራይ ማን ነው? ወረቀቱ 6 ሺህ ይላል፣ በእጅ 10 ሺህ ይከፈላል፤ ልዩነቱ ከግብር ይሸሸጋል፣ ተከራዩም እያወቀ ይፈርማል። ካልፈረመ ከጀርባው ሌላ ሰው ቆሟል። ቢከስስና ቢረታ እንኳን ከተረታችው ሴትዮ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳ መኖር አለበት። «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ከተባለ ደግሞ ልጁ መጣ አልመጣ የሚያጣራ የለም። ሕግ የሚሠራው ቤት የሚፈልገው ሰው ሁለተኛ አማራጭ ሲኖረው ነው። አማራጭ የሌለው ሰው መብቱን አጣጥፎ ኪሱ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ሁለተኛው አማራጭ መሠራት አለበት፣ ማለትም በዕጣ የሚሰጥ ሳይሆን የሚከራይ የመንግሥት ቤት። ነገሩ ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ዛሬም አከራይ ነው፤ የኪራይ ቤቶች ልጅ ነው። የጎደለው ሐሳቡ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤት ፖሊሲ ማለት ባለቤት ማድረግ ነበር፤ ቤት የደረሰው ዜጋ፣ ያልደረሰው ተስፈኛ ሆኖ። ለአንድ ዕድለኛ በድጎማ የተሰጠ ቤት ከእሱ ጋር ያበቃል፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ይሸጠዋል፣ ድጎማው ከቤቱ ጋር በገበያ ዋጋ ይሸጣል። ያው ቤት በከተማው እጅ ቆይቶ ለወጣት ተቀጣሪዎች ለአምስትና ለስድስት ዓመት በተመጣጣኝ ዋጋ ቢከራይ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባበታል። የገባው ልጅ በእነዚያ ዓመታት ይቆጥባል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ አቅሙ ሲፈቅድ ይለቃል። «ከገባ አይወጣም» የሚል ሥጋት አለ፤ ተገቢ ሥጋት ነው፣ የቀበሌ ቤት ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯልና። መልሱ ጊዜው የተቆረጠ ውልና በየጊዜው ከገቢ ጋር የሚታይ ኪራይ ነው። ይህ ከባድ አስተዳደር አይደለም፤ አስተዳደሩን ለዘመድ ሳያደርጉ መሥራቱ ነው ከባዱ።

ሌላም አለ። በኮሪደር ልማት ሰፈር ሲነሣ ካርታ ያለው ካሳና ምትክ፣ የቀበሌ ተከራዩ ምትክ ቤት ይባልለታል። ከቀበሌ ተከራዩ ሰርቪስ ቆርሶ የተከራየው ወጣት ግን «የልማት ተነሺ» ዝርዝር ላይ ስሙ አይፈለግም። ፒያሳ ሲፈርስ ሻንጣውን ይዞ የወጣውን ልጅ የቆጠረው የለም። አስፋልቱ አምሯል፣ መብራቱ ያምራል፤ ማታ ማታ ወጣቱ ራሱ እየሄደ ፎቶ ይነሣበታል። ነገር ግን መሀል ከተማ የነበረው ርካሽ ክፍል፣ በጭቃ ግድግዳውና በጋራ መጸዳጃው፣ ለጀማሪ ደመወዝተኛ የከተማው መግቢያ በር ነበር። በሩ ሲፈርስ በምትኩ የተሠራ በር የለም።

አሁን ደግሞ ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ደርሷል። አዋጁ እንደወጣ፣ በ2016 ሰኔ ወረዳ ላይ ተሰልፈው የተፈረሙት የመጀመሪያዎቹ የሁለት ዓመት ውሎች በ2018 ሰኔና ሐምሌ ያበቃሉ። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሲታሰብ፣ በሚያዝያና በግንቦት በራቸው የሚንኳኳ ብዙ ልጆች አሉ። አንዳንዷ እትዬ «እናድሰው ልጄ» ትላለች። አንዳንዷ ሁለት ዓመት የያዘችውን ጭማሪ በአንድ ቀን ልትጠራ ትችላለች። የከተማው ቤቶች ቢሮ ከዚያ በፊት ሊያሳውቅ የሚገባው ግልጽ ነው፦ ውል ሲታደስ ዋጋው ከየት ይነሣል፤ ያለቀውን ውል ሳያሳድስ በዝምታ የሚቀጥል ተከራይ በምን ይጠበቃል፤ ሦስት ደባሎች በአንድ ውል ላይ ሦስቱም መፈረም ይችላሉ ወይ። መልሱ በየወረዳው ግድግዳ ላይ ከሰኔ በፊት ካልተለጠፈ፣ የሚለጥፉት ደላሎች ይሆናሉ።